ስለ ስውር ኮሚሽንና ስለሚታገድ ማስታወቂያ

ንግድ ከድለላና ከማስታወቂያ ተለይቶ የኖረበት ዘመን የለም። የወለጋ ቡና፣ ሰምና ቆዳ በጋምቤላ በኩል በባሮ ወንዝ ወደ ሱዳን ይወርድ በነበረበት ጊዜም ቢሆን፣ ገዥና ሻጭን የሚያገናኝ ሰው በመካከል ቆሞ የድካሙን ዋጋ ይቀበል ነበር። አሁን ደግሞ ይኸው ደላላ በኪሳችን በምንይዘው ስልክ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። ከዚህም የተነሣ በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በነጆና በደምቢዶሎ ነጋዴዎች ዘንድ ሁለት ጥያቄዎች ሲነሡ እሰማለሁ። አንደኛው፥ በስልኩ ላይ ማስታወቂያ እንዳይወጣ የሚያግድ ፕሮግራም የጫነ ሰው የሌላውን እንጀራ ይነጥቃልን? የሚል ነው። ሁለተኛው፥ በኢንተርኔት ላይ ዕቃ እያመሰገነ ከሽያጩ ድርሻ የሚቀበል ሰው ይህን ለገዥው የመንገር ግዴታ አለበትን? የሚል ነው። ጥያቄዎቹ የተራራቁ ቢመስሉም ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ መሆናቸውን ስለማምን፣ አስተያየቴን ለክቡራን አንባቢያን ለማቅረብ ተነሥቻለሁ።

ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በአውቶቡስ የተጓዘ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። መንገዱ በሆለታ፣ በአምቦ፣ በጌዶና በባኮ አድርጎ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘልቅ ስለ ሆነ፣ መንገደኛው በመካከል ምሳ መብላት ይኖርበታል። አውቶቡሱ የሚቆመው ግን መንገደኛው በመረጠው ቤት ደጃፍ ሳይሆን ሾፌሩ በለመደው ቤት ደጃፍ ነው። ሾፌሩና ረዳቱ ወደ ውስጥ ዘልቀው ጥብስ ይቀርብላቸዋል፤ ሒሳብ ግን አይጠየቁም። ይህ እንግዲህ የምግብ ቤቱ ባለቤት ሃምሳ ሰው ላመጣለት ሰው የሚከፍለው ኮሚሽን መሆኑ ነው። መንገደኛው ይህን ያውቃል፤ ስለሚያውቅም ሽሮው ቀጥኖ ዋጋው ሲወፍርበት ምክንያቱን ለመረዳት አይቸገርም። ካልወደደም ሙዝና ዳቦ ገዝቶ በአውቶቡሱ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ይበላል። እኔ በዚህ ልማድ እምብዛም ባልደሰትም ማታለል ነው ለማለት አልደፍርም፤ የተሰወረ ነገር የለበትምና።

ነገር ግን ያው ሾፌር መንገደኛ መስሎ ከእኛ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ቢቀመጥና፥ «ወገኖቼ፣ ከአምቦ እስከ ነቀምቴ እንደዚህ ያለ ጥብስ አይገኝም፤ እኔ በገንዘቤ የምበላው ሁልጊዜ እዚህ ነው» ብሎ ቢናገር፣ ጥብሱ ያው ጥብስ፣ ዋጋውም ያው ዋጋ ሆኖ ሳለ ነገሩ ፈጽሞ ይለወጣል። ያን ጊዜ መንገደኛው የገዛው ምሳ ብቻ አይደለም፤ የሰው ምስክርነትም ጭምር ነው። ምስክሩ ደግሞ ደመወዝተኛ ነው።

በኢንተርኔት የሚሠራበት የኮሚሽን ሊንክ ከዚህ አይለይም። የአሜሪካው የአማዞን ኩባንያ ይህን አሠራር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ስለ አንድ መጽሐፍ ወይም ስለ አንድ ዕቃ የሚጽፍ ሰው ከጽሑፉ ጋር ወደ ኩባንያው መደብር የሚወስድ ሊንክ ያኖራል፤ ሊንኩም የጸሐፊውን መለያ ቁጥር የያዘ ነው። አንባቢው ያን የተጫነ እንደ ሆነ፣ ኩኪ የሚባል ትንሽ ምልክት በስልኩ ወይም በኮምፒዩተሩ ላይ ይቀመጣል። በአማዞን ደንብ መሠረት ይህ ምልክት በአብዛኛው ለ24 ሰዓት ይቆያል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ገዥው የተመከረውን ዕቃ ትቶ ሌላ ነገር ቢገዛ እንኳ ለመካሪው ድርሻው ይታሰብለታል። መካሪው ይህን ለአንባቢዎቹ በግልጽ እንዲጽፍ ግን ኩባንያው ራሱ ያስገድደዋል። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በ2009 ባሻሻለው መመሪያ፣ በኢንተርኔት ላይ ዕቃ የሚያሞግስ ሰው ከሻጩ የሚያገኘው ጥቅም ካለ እንዲገልጽ አዟል።

አማዞን በእኛ ከተሞች ደጃፍ ዕቃ የሚያደርስ ኩባንያ ባይሆንም፣ አሠራሩ ልብሱን ለውጦ በቴሌግራምና በቲክቶክ በኩል ደርሶናል። ብዙ ተከታይ ያለው አንድ ወጣት የአንድ ሱቅ ጫማ፣ የስልክ ቀፎ ወይም የመኪና መለዋወጫ ፎቶግራፍ አንሥቶ፥ «እኔ ሞክሬዋለሁ፣ እንዳያመልጣችሁ» ብሎ ይጽፋል። ገዥውም ወደ ሱቁ መጥቶ «ከእገሌ ቻናል ነው የመጣሁት» ይላል። ባለ ሱቁ እነዚህን ቆጥሮ በወሩ መጨረሻ ድርሻውን በቴሌብር ይልካል። እዚህ ቁጥሩን የሚይዘው ኩኪ ሳይሆን የባለ ሱቁ ደብተር ነው እንጂ ነገሩ ያው ነው። በወጣቱ ላይ ቂም የለኝም፤ ሥራ በሌለበት ከተማ በላቡ እንጀራ መብላቱን አደንቃለሁ። የምጠይቀው «ሞክሬዋለሁ» ያለው እውነት ሞክሮት እንደ ሆነና የተከፈለው መሆኑን ለምን እንዳልተናገረ ብቻ ነው።

እኔ የነጋዴ ጸሐፊ እንደ መሆኔ ነገሩን ከመዝገብ አንጻር ማየት ልማዴ ነው። ለጋዜጣ ወይም ለሬዲዮ ማስታወቂያ የተከፈለ ገንዘብ ደረሰኝ አለው፤ በማስታወቂያ ወጪ ዓምድ ይገባል፤ ግብር ሲታሰብም በወጪነት ይያዛል። ለመኪና አራግፎ ጫኝ የተከፈለውም ስም አለው። ለቴሌግራሙ ወጣት የሚከፈለው ገንዘብ ግን ብዙውን ጊዜ ደረሰኝ የለውም፤ ከፋዩም ተቀባዩም እንዲታወቅ አይሹም። ስለዚህ በየቤቱ «ልዩ ልዩ ወጪ» በሚባለው ዓምድ ውስጥ ይደበቃል። በመዝገብ ላይ በስሙ ሊጻፍ ያልቻለ ወጪ ሁሉ አንድ ጊዜ ቆም ብሎ ማሰብን ይጠይቃል። አባቶች «ቢያዩኝ እስቃለሁ፣ ባያዩኝ እሰርቃለሁ» ሲሉ የተናገሩት ለእንዲህ ያለው ዓምድም የሚስማማ ይመስለኛል።

ሕጋችንም በዚህ ረገድ ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣውና ዛሬም የምንሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ውክልና በሚናገርበት ክፍል፣ ወኪል ለወካዩ ጥቅም ብቻ እንዲሠራና ወካዩ ሳያውቅ ከሚያደርገው ውል ለራሱ ጥቅም እንዳያገኝ ያዛል። መቼም የቴሌግራሙ ወጣት በሕግ አነጋገር የገዥው ወኪል ነው አይባልም። ሆኖም ራሱን የሚያቀርበው እንደ ሻጭ ሳይሆን እንደ ወዳጅና እንደ መካሪ ነው፤ ገዥውም የሚያምነው በዚሁ ምክንያት ነው። ይህ እምነት ባይኖር ኖሮ ባለ ሱቁ አንዲት ሳንቲም ባልከፈለው ነበር። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004ም ማስታወቂያ ከሌላው ዝግጅት ተለይቶ የሚታወቅ እንዲሆን ይጠይቃል። እንግዲህ የሚፈለገው አዲስ ሕግ ሳይሆን ያለውን በቅን ልቡና መፈጸም ነው።

በዚህ ላይ የሚቀርበው ክርክር «ዋጋው ለገዥው አልተጨመረበትም፤ ማን ተጎዳ?» የሚል ነው። ይህን ክርክር ከአንድ ሁለት ትላልቅ ነጋዴዎች አፍ ሰምቼዋለሁ፤ ሰዎቹም ሐቀኞች ናቸው። ነገር ግን ኮሚሽን ከሰማይ አይወርድም። ወይ ከትርፍ ይቀነሳል ወይ በዋጋ ላይ ይታከላል፤ ከትርፍ የሚቀነሰውም ቢሆን ሱቁ ሲለምደው በሚመጣው ወር የዋጋ ዝርዝር ላይ መግባቱ አይቀርም። ይህም ሆኖ ዋናው ጉዳት ገንዘቡ አይደለም። ድርሻ የሚያገኝ ሰው ከሁለት ዕቃ መካከል የሚያመሰግነው የተሻለውን ሳይሆን የተሻለ የሚከፍለውን ነው።

ዕቃው የስልክ ሽፋን ሲሆን ይህ ብዙ አያስጨንቅም፤ ቢበዛ ሽፋኑ በሁለት ሳምንት ይሰነጠቃል። ነገር ግን በምሥራቅ ወለጋ በቆሎ ለሚያመርተው ገበሬ የሚሸጥ ፀረ አረም ሲሆንስ? ገበሬው ራሱ ቴሌግራም አያይ ይሆናል፤ ልጁ ግን ታያለች፤ የቀበሌው ባለ ሱቅም ያያል። ከሽያጩ በጣሳ የሚከፈለው ሰው «ይህኛው አረሙን ይጨርሳል» ብሎ ቢጽፍና መድኃኒቱ የተበረዘ ወይም ለዚያ አረም የማይሆን ቢገኝ፣ የሚታጣው የጣሳው ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ክረምቱ ነው። ዝናብ ደግሞ ለካሣ ብሎ ሁለተኛ አይመጣም። ጉዳዩም ወደ ፍርድ ቤት ቢደርስ፣ መካሪው ከመጋረጃ በስተጀርባ የነበረ ስለ ሆነ የሚከሰሰው ደጃፉ የሚታወቀው ባለ ሱቅ ነው። ስለዚህ በዘር፣ በፀረ አረም፣ በፀረ ተባይና በሰው መድኃኒት ንግድ ላይ በሽያጭ ቁጥር የሚታሰብ ኮሚሽን ለማንም አስተዋዋቂ ፈጽሞ ባይከፈል እወዳለሁ። ለማስታወቂያው ተቆርጦ የታወቀ ዋጋ ይከፈለው፤ በየጣሳው ግን አይከፈለው።

ስውሩ ኮሚሽን የሚያታልለው ገዥውን ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ነጋዴ ካለም በውጭ አገር የሆነውን ይመልከት። ኢቤይ የተባለው ታላቅ የሽያጭ ድርጅት ለአስተዋዋቂዎቹ ሚሊዮን ሚሊዮን ዶላር ኮሚሽን ሲከፍል ቆይቶ፣ ከእነርሱ መካከል ከፍተኛውን ገንዘብ ይቀበሉ የነበሩት ሁለቱ አንድም ደንበኛ ሳይመሩ ኩኪያቸውን በሰዎች ኮምፒዩተር ላይ በስውር ያስቀምጡ እንደ ነበር ታወቀ። ሰዎቹ በራሳቸው ፈቃድ ወደ ኢቤይ ሄደው ዕቃ ሲገዙ ድርሻው ለእነዚህ ለሁለቱ ይታሰብ ነበር። ሁለቱም ጥፋተኝነታቸውን አምነው እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ ፍርድ ቤት እስራት ተፈረደባቸው። ቀጥሎም ፔይፓል በ4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የገዛው ሐኒ የተባለ ቅናሽ ፈላጊ ፕሮግራም፣ ገዥው ሒሳብ ሊከፍል ሲል የመጀመሪያውን መካሪ ምልክት አንሥቶ የራሱን ይተካል የሚል ክስ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2024 ጀምሮ ቀረበበት። ኩባንያው የሠራሁት በንግዱ ልማድ መሠረት ነው ብሎ ተከራክሯል። ፍርዱን ለዳኞች እንተወውና፣ ጉግል በሚቀጥለው ዓመት በመጋቢት ወር ደንቡን ለውጦ ለተጠቃሚው የሚታይ ጥቅም ሳይሰጡ የኮሚሽን ሊንክ የሚያስገቡትን ፕሮግራሞች ከልክሏል። ደላላው በጨለማ እንዲሠራ የፈቀደለት ነጋዴ፣ ጨለማው እርሱንም እንደሚሸፍነው ሊያስብ ይገባዋል።

አሁን ወደ ሌላው ጥያቄ ልለፍ። አድ ብሎከር የሚባለው ማስታወቂያ ከልካይ አሠራሩ ቀላል ነው። ማስታወቂያ የሚላክባቸውን አድራሻዎች ዝርዝር ይይዝና፣ ስልኩ ከእነዚያ አድራሻዎች ምንም እንዳያመጣ ያግደዋል። ስለዚህ ማስታወቂያው መጥቶ የሚሰወር ሳይሆን ጭራሹን የማይመጣ ነው። ይህ ልዩነት ለእኛ ትልቅ ነገር ነው፤ እኛ ኢንተርኔት የምንጠቀመው ጥቅል ገዝተን በሜጋባይት ነውና። ኒው ዮርክ ታይምስ እ.ኤ.አ. በ2015 ሃምሳ የዜና ገጾችን በስልክ መርምሮ፣ በጠቅላላው ከሚወርደው ዳታ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የማስታወቂያና በአጋጁ የሚከለከል ሌላ ነገር መሆኑን አግኝቷል። በገበያ አነጋገር ብንናገረው፣ ማስታወቂያውን የሚጭነው አህያ የአንባቢው ነው፤ የአህያውን ኪራይም የሚከፍለው አንባቢው ነው። እኛ በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት ድረስ ኢንተርኔት በምዕራብ ኦሮሚያ ተቋርጦ የቆየበትን ጊዜ ያየን ሰዎች፣ የአንዲት ሜጋባይት ዋጋ ምን እንደ ሆነ ሌላ ሰው እንዲያስረዳን አንፈልግም።

ስለዚህ ማገድ ሌብነት ነው ለሚለው እኔ አይደለም እላለሁ። የጀርመን ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018 አክስል ሽፕሪንገር የተባለው አሳታሚ ባቀረበው ክስ ላይ፣ ማስታወቂያ አጋጅ ፕሮግራም ማቅረብ ሕገ ወጥ የንግድ ውድድር አይደለም ብሎ ፈርዷል። በዚያው ክስ የተከሰሰው የኮሎኙ ኩባንያ አይኦ ግን ሌላ ነገር ያስተምረናል። ይህ ኩባንያ ከ2011 ጀምሮ የማይረብሹ ናቸው የሚላቸውን ማስታወቂያዎች ያሳልፋል፤ ከትላልቆቹ ኩባንያዎችም ለማሳለፊያው ገንዘብ ይቀበላል። በር እንዲዘጋልን የቀጠርነው ዘበኛ ከሚገባው ሰው ኪስ ይከፈለዋል ማለት ነው። ኩባንያው ይህን በይፋ ጽፎታልና ስውር ነው አልለውም፤ ካነበበው ሰው ያላነበበው እንደሚበዛ ግን እገምታለሁ።

ያም ሆኖ ለአጋጁ ሰው ሙሉ በሙሉ አልፈርድም። ጋዜጣ የገዛ ሰው የማስታወቂያውን ገጽ ቢያልፈው ጋዜጣው አስቀድሞ ዋጋውን ተቀብሏል። በኢንተርኔት ግን ገጹ የሚከፈለው በታየለት ቁጥር ልክ ነው፤ ያልታየ ማስታወቂያ አይከፈልበትም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 የኒውዮርክ የዓረቢካ ቡና ዋጋ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ በወጣ ጊዜ፣ በጊምቢና በነቀምቴ ያለ ቡና ነጋዴ ሁሉ በቀን ስንት ጊዜ ስልኩን ይከፍት እንደ ነበረ ሁላችንም እናውቃለን። ለቀምት በሚለው ስም የሚላከው ቡናችን ስንት እንደሚያወጣ ለመገመት የምንመለከታቸው ነጻ ገጾች አብዛኛዎቹ የሚኖሩት በማስታወቂያ ነው። ዋጋውን በየማለዳው አንብቦ በሚሊዮን ብር የሚዋዋል ነጋዴ ለዚያች ገጽ በሯን ቢዘጋባት፣ ሕግ ባይከሰውም፣ «ሁለት ወዶ» የተባለው ሰው መሆኑ አይቀርም። ለእንዲህ ያለው ገጽ አጋጁን ማንሣት በአንድ ጣት የሚደረግ ነገር ነው፤ ፕሮግራሞቹም ለዚህ የተዘጋጀ ቦታ አላቸው። ገንዘብህን በሳምንት እጥፍ አደርግልሃለሁ የሚለውንና አንድ ጊዜ የውሃ ፓምፕ ዋጋ ስለ ጠየቅህ ለአሥራ አምስት ቀን በውሃ ፓምፕ የሚያሳድድህን ግን ያለ ርኅራኄ አግደው።

እኛ ማስታወቂያ አውጪዎችም ብንሆን ሰዉ ለምን በሩን እንደዘጋብን ብንመረምር አይከፋም። በሱቅ ደጃፍ ድምፅ ማጉያ ከማለዳ እስከ ማታ ሲጮኽ የጎረቤቱ ባለ ሱቅ መስኮቱን ይዘጋል፤ የሚዘጋው ንግድን ጠልቶ ሳይሆን ጆሮውን አድኖ ነው። በስልክም እንደዚሁ ሳይጠየቅ የሚጮኽ ቪዲዮ እየላክን ገዥውን ስንወቅስ እንገኛለን። አንድ ጥሩ ፎቶግራፍ፣ ዋጋውና የሱቁ አድራሻ ለአብዛኛው ዕቃ ይበቃል፤ ከቪዲዮው የዳታው ወጪ ጋርም አይወዳደርም።

ስለዚህ ምክር ቤታችን በሚመጣው ስብሰባው አንድ አጭር ስምምነት ለአባላቱ ቢያቀርብ መልካም መስሎ ይታየኛል። ይኸውም አባል የሆነ ነጋዴ በኢንተርኔት ዕቃውን ለሚያስተዋውቅለት ሰው ሲከፍል፣ ክፍያው በጽሑፍ ውልና በደረሰኝ እንዲሆን፣ አስተዋዋቂውም የተከፈለው ወይም ከሽያጩ ድርሻ የሚያገኝ መሆኑን እንዲጽፍ ነው። «ይህ ከተጻፈ ማን ያምነዋል?» የሚል ይኖራል። የሾፌሩን ነጻ ምሳ ሁሉም ያውቃል፤ ምግብ ቤቱ ግን እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ዕቃው መልካም ከሆነ ገዥው ተከፋዩንም ቢሆን ያምናል፤ ዕቃው መልካም ካልሆነ ደግሞ ሰውየው ባይታመን የሚጎዳው ማን ነው?

ቃሉ ረጅም መሆን የለበትም። «የተከፈለበት ማስታወቂያ» ወይም «ከሽያጩ ድርሻ አለኝ» ማለት ይበቃል፤ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ቢጻፍ ለሁሉም ይደርሳል። የሚጻፍበት ቦታ ግን የመጀመሪያው መስመር ይሁን። መልእክት በደረሰ ጊዜ በስልኩ መስኮት ላይ ብቅ የሚለው የመጀመሪያው መስመር ስለ ሆነ፣ ከታች ከስልክ ቁጥሩና ከአድራሻው በኋላ ቢጻፍ ብዙው ሰው ሳያየው ሱቁ ይደርሳል።